ዘጠነኛው ጥቅል

ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ስኳሩ ተመዝኖ ከረጢቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ወዲያው አይዘጋውም። ለአፍታ ከፍቶ ይይዘዋል። ጨምርልኝ አይልም፣ የባለሱቁንም ፊት አያይም፤ ስለ ሙቀቱ ያወራል። ባለሱቁም አብሮት ሙቀቱን እየረገመ አንድ እፍኝ ጣል ያደርግለታል። እኛ ምርቃት እንለዋለን፤ የሠፈራችን ባለሱቅ ዋበሪ በሶማሊኛ «ሲያዶ» ይለው ነበር። የማይጨምር ባለሱቅ ማንም አይሰድበውም፤ በማግስቱ የሚመጣለት ሰው አይኖርም እንጂ።

ይህን የማወራው ጭማሪ በተከለከለበት በቀበሌ ሱቅ መዛኝ ሆኜ ስለሠራሁ ነው። ፊቴ የሚሰለፉት ሁሉ መከልከሉን ያውቃሉ፤ ማስታወቂያው በቀይ ቀለም ተጽፎ ከራሴ በላይ ተሰቅሏል። እጃቸው ግን አያውቅም። ስኳሩን ገልብጬላቸው ሳበቃ እጃቸው ከረጢቱን ከፍቶ ይጠብቃል። እኔ ወደ ሌላ አያለሁ። ከዚያ እነሱም ያፍሩና ይዘጉታል፤ በቀን መቶ ጊዜ ያህል ይኸው ይደጋገማል።

የኔነሽ እባላለሁ። ባሌ ወልደ ማርያም የምድር ባቡር መካኒክ ነው፤ ከዚራ ሠፈር ጫፍ ላይ ካሉት የባቡር ሠራተኞች ቤቶች ባንዱ ሦስት ልጆች ይዘን እንኖራለን። አፈ ፈጣን ነኝ። እናቴ «ይቺ ልጅ እግሯ ሳይደርስ አፏ ይደርሳል» ትለኝ ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ይመልጣል ይባላል፤ የእኔ አፍ ሲያመልጥ ግን የተመለጠው የዋበሪ ራስ ነው። ይህን ለሚስቱ ለሑዳ ሳልነግራት ስድስት ወር ሙሉ ፊት ለፊቷ ቆሜ ስኳር መዘንኩላት።

የዋበሪ ሱቅ ከሠፈራችን ቦኖ ፊት ለፊት ያለች፣ ሰማያዊ በር ያላት ጠባብ ቤት ነበረች። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ሩዝ፣ ቴምር፣ መኮረኒ፣ ከጅቡቲ የመጣ ዘይት፤ ሁሉም እዚያች ውስጥ ተደራርቦ፣ እሱ መሐሉ ላይ በሽርጥ ተቀምጦ። ሲመዝን አይቸኩልም። በአንዱ ሳህን ድንጋዩን፣ በሌላው ስኳሩን ያደርግና ሚዛኑ መወዛወዙን እስኪያቆም እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ሲቆም፣ ከዱቄት ወተት ጣሳ በሠራት መዛቂያ የሳህኑን ጠርዝ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል፤ ቂል፣ ቂል። እዩ፣ አልተጣበቀም፣ አላታለልኩም ማለቱ ነው። ከዚያ «ሲያዶ!» ብሎ ይጨምራል። ልጆቼ ቤት ውስጥ ሱቅ ሱቅ ሲጫወቱ እንኳ መጀመሪያ የተማሩት ያንን ሁለት ምት ነበር።

ሱቁ ውስጥ አንድ መጋረጃ ነበረች። ከመጋረጃዋ ኋላ የሚቀመጠው ለሽያጭ አይደለም፤ ለአራስ ነው። ዋበሪ የሠፈሩ ሴት ማርገዟን ሲሰማ፣ ክርስቲያን ትሁን እስላም፣ አንድ የጋዜጣ ጥቅል ስኳር ለይቶ ያስቀምጥላታል። አማርኛ ይናገራል እንጂ አይጽፍም፤ ስለዚህ ጥቅሉን በክር ያስረዋል፣ የክሩ ቀለም ሴትዮዋ በምታዘወትረው ሻሽ ነው። ስድሳ ዘጠኝ ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሦስተኛዋን ልጄን ስወልድ ከተማው ውስጥ ስኳር የሚባል ነገር ጠፍቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሑዳ በቢጫ ክር የታሰረ ጥቅል ይዛ ገባች። ቢጫ ሻሽ የማስረው እኔ ነኝ። ወልደ ማርያም ሊከፍል ቢሄድ ዋበሪ ተቆጥቶ መለሰው። በዚያ ስኳር ነው ከአራስ ቤት የተነሣሁት።

ከዚያ የሶማሊያ ጦርነት መጣ። መድፉ ከተማው ጫፍ ድረስ ተሰማ፣ ድልድዮቹ ፈረሱ፣ ባቡሩ ቆመ፣ ባሌ እጁን አጣጥፎ ቤት ዋለ። ጦርነቱ ከከተማው ሲርቅ ጥርጣሬው ቀረ። ሶማሊኛ የተናገረ ሁሉ በዓይን ይበላ ጀመር። ዋበሪ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያረጀ ሰው ነው፤ አባቱ ሐዲዱ ሲነጠፍ ድንጋይ ተሸክሟል። ግን ማን ይሰማል?

በሰባ ዓ.ም. ኅዳር ላይ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ተጠራ። መቅረት የለም፤ የቀረች የራሽን ካርዷ ይያዛል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ክፍሉ ከጠረጴዛው ኋላ ቆሞ «ስኳሩ የት ገባ? ማነው የሸሸገው? ሠፈራችሁን የምታውቁ እናንተ ናችሁ» አለ። ከአዳራሹ ኋላ አንዷ፣ ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣ «ያ ሶማሌውስ?» አለች። ሁለት ሦስት ድምፅ «እውነት ነው፣ እሱስ?» አለ።

ደሜ ፈላ። ብድግ አልኩ።

«ዋበሪማ ሸሻጊ አይደለም!» አልኩ። «ሰው ማለት እሱ ነው! ሱቁ ባዶ በሆነ ቀን እንኳ ከመጋረጃው ኋላ ለአራስ የሚሆን አይጠፋም። እኔን ጠይቁኝ፣ ስኳሩን ጠጥቼ የተነሣሁ ነኝ!»

ክፍሉ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ከመጋረጃው ኋላ?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አዎ… ለአራስ» አልኩ።

«ሰማችሁ ጓዶች? ንቁ እናት ማለት እንዲህ ናት! ያየችውን ያልደበቀች!» ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። ሁሉም አጨበጨበ። አጠገቤ ያለችው ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

እጄን አንሥቼ፣ እንዲያ ማለቴ አይደለም ማለት ነበረብኝ። ግን በዚያ ዓመት ሊቀመንበር ሲያጨበጭብልሽ አቁም የምትል ሴት አልተወለደችም፤ ፈራሁ። ደግሞ ልዋሽ አልፈልግም፣ ጭብጨባው ለአፍታ ደስ ብሎኝ ነበር። ተቀመጥኩ።

ወደ ቤት ስመለስ መንገዴ በሱቁ ነው። ዋበሪ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«አቦ የኔነሽ! ምን ተባለ? ስሜ ተነሣ ወይ?»

«ተነሥቷል» አልኩት። «አይዞህ፣ መስክሬልሃለሁ።»

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ወላሂ፣ ጎረቤት እንዲህ ነው» አለና ለልጆቼ ቴምር አፍሶ ሰጠኝ። ቴምሩን ተቀብዬ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍሉ ጠመንጃ የያዙ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች አስከትሎ ቤቴ መጣ። ምስክር ነሽና ነይ ብሎ ወደ ዋበሪ ሱቅ ወሰደኝ። ሑዳ አልነበረችም፤ በጠዋቱ ከከተማ ውጭ ሐርላ መንደር ሄዳለች ተባለ። መጋረጃዋን ገለጧት። ግማሽ ጆንያ ስኳር፣ ከዚያ በላይ ባለው ሳንቃ ላይ ደግሞ ዘጠኝ ጥቅል በተርታ። አረንጓዴ ክር የታሰረው የሰርካዲስ ነው፣ ነጩ የበድሪያ። አንድ በአንድ ለየኋቸው፣ ስምንቱን። ዘጠነኛው ቀይ ክር ነበረበት፤ የማን እንደሆነ አላወቅሁም።

«ይኸው፣ ተጠቅሎ ለጥቁር ገበያ የተዘጋጀ!» አለ ክፍሉ።

«ለአራስ ነው» አለ ዋበሪ። «የኔነሽን ጠይቋት፣ ታውቃለች።»

ክፍሉ ሳቀ። «ጠይቀናታል» አለው።

ዋበሪ ዞሮ አየኝ። ክፉ አላየኝም። ሚዛኑ መወዛወዙን እስኪያቆም እንደሚጠብቀው አድርጎ ዝም ብሎ ፊቴን ጠበቀ። እኔ መሬቱን አየሁ። እጁን ወደ ኋላ አስረው ሲወስዱት መዛቂያዋ ከእግሬ ሥር ወድቃ ቀረች።

ሑዳ እኩለ ቀን ላይ ስትመለስ ሱቁ ታሽጎ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ስንቅ እያመላለሰች ቀበሌው በር ላይ ትቆም ነበር። ሦስት ሳምንት ያህል ተቀበሏት። አንድ ቀን ዘበኛው «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። በዚያን ዘመን ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። የስንቁን ሳህን እንደ ሞላ ተሸክማ በጠራራ ፀሐይ ስትመለስ አየኋት። ያየኋት ከአዲሱ ሥራዬ መስኮት ሆኜ ነው።

አዎ፣ ሥራ ሰጥተውኛል። ንቁ እናት ነኛ። ባቡሩ ቆሞ የባሌ ደመወዝ እየተንጠባጠበ ነበርና እምቢ አላልኩም።

የቀበሌው ሱቅ ከዚራ ውስጥ፣ ድሮ አንድ ግሪክ ሱፐርማርኬት ከፍቶበት የነበረ ሰፊ ቤት ውስጥ ነው። ያኔ ሰው መስታወቱን ለማየት ብቻ ይሄድ ነበር፤ የታሸገ ዓሣ፣ የታሸገ አይብ፣ ሁሉም ዋጋው ተለጥፎበት። ደግ ዕቃ ነበረው፤ ግን ገብተሽ ዕቃሽን አንሥተሽ ስትወጪ እንዴት አደርሽ የሚልሽ የለም፣ የሚጨምርልሽም የለም። ቀበሌው ሲወርሰው መስታወቱንና ዝምታውን ወረሰ፣ ዕቃውን ግን አይደለም። በዚያ ሁሉ መደርደሪያ ላይ የልብስ ሳሙናና ክብሪት ብቻ ተደርድሯል። ስኳር በወር አንዴ ይመጣል፣ ዘይት ሲገኝ፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ከዋበሪ ሱቅ ደግሞ ሁለት ነገር መጣ። ጆንያው ከነዘጠኙ ጥቅል አንድ ላይ ተገለበጠ፤ በራሽን ካርድ መዝኜ ያደልኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ሚዛኑ ነው።

መጀመሪያ የሰማሁት በዚያው ሳምንት ነው። አንዲት ሴት ፊቴ ቆማለች፣ ሚዛኑ ቀጥ አለ፣ ልገለብጥላት እጄን ስዘረጋ፤ ቂል፣ ቂል። መዛቂያው ጆንያው ውስጥ ነበር። የሴትዮዋ እጅ ከረጢቱ ላይ። ቀና ብዬ አየኋት፣ ስለ ሙቀቱ እያወራች ነው።

ለወልደ ማርያም ነገርኩት። ምን ይላል መካኒክ? «ብረት በሙቀት ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ይጮኻል» አለኝ። «ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ብቻ ይጮኻል?» አልኩት። «ሁልጊዜ ልክ ሚዛኑ ሲቆም?»

ከዚያ ወዲያ አልተወኝም። ከሁሉ የሚብሰው ቀትር ነው። በድሬ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ አይታይም፣ ሰው ሁሉ በየጥላው ይጋደማል። እኔ ቁልፍ ያዥ ስለሆንኩ እዚያው ጆንያ ላይ ጋደም እላለሁ። ሰው የለም፣ ነፋስ የለም፣ ሳህኖቹ ባዶ ናቸው። ቂል፣ ቂል። ተነሥቼ አያለሁ፤ አንደኛው ሳህን ገና ሲወዛወዝ አገኘዋለሁ። አጠገቡ ተቀምጬ እስኪቆም እጠብቃለሁ። እናቴ ስለ ቀትር ጋኔን ስታወራ እስቅባት ነበር፤ ዛሬ የምስቅበት አፍ የለኝም።

አንድ ቀን እጄ ብቻውን ጨመረ። ምቱን ሰማሁ፣ መዛቂያዬ ጆንያው ውስጥ ገባ፣ እፍኝ ስኳር የአንዲት አሮጊት ከረጢት ውስጥ ወደቀ። አሮጊቷ ከረጢቷን ዘጋችና ሄደች። ሲያዶ ማግኘት የለመደ ሰው ሲያገኝ አይደነቅም። ከዚያ በኋላ መጨመሩ ቀጠለ፤ የጎደለውን ከራሴ ቤት ራሽን እያመጣሁ እሞላዋለሁ። ልጆቼ ሻያቸውን ባዶውን ጠጡ።

በየወሩ ሑዳ ትመጣለች። ቀይ ሻሿን አስራ፣ ካርዷን ይዛ፣ ከሰልፉ ማንም ሳያናግራት። የእስረኛ ሚስት በሽታ ናት፣ ሰው ይሸሻታል። ስብሰባው ላይ የነበሩት ሴቶችም ዓይኗን አያዩም፤ ያጨበጨበ ሁሉ ያጨበጨበውን እጁን ደብቋል። ስለዚህ ማን ነገራት? ማንም። እኔም «ሑዳ፣ እንዴት ነሽ» እላለሁ፣ እሷም «ደኅና» ትላለች። ሚዛኑ ይቆማል፣ ምቱን እሰማለሁ፣ እጄ ወደ ጆንያው ይሄዳል። ግን እሷ ከረጢቷን ወዲያው ትዘጋለች። በዚህ ከተማ ከረጢቱን ከፍቶ የማይጠብቅ ሰው እሷ ብቻ ናት። አውቃለች ማለት ነው እላለሁ። የእኔን እጅ ተጸይፋ ነው እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ብታውቅ ኖሮ ደኅና ነኝ አትለኝም እላለሁ፤ ሌሊቱንም ቀኑንም ይህን ሳሰላስል ነው የምውለው።

የካቲት ላይ ሆዷ ታየ።

ካርዷን ስትሰጠኝ እጄ ላይ ቀረ። ሆዷን አየሁ፣ ቀና ብዬ ሻሿን አየሁ። ቀይ። የሳንቃው ዘጠነኛ ጥቅል ቀይ ክር ነበረበት። ማርገዟን ሠፈሩ ሳይሰማ፣ ምናልባት እናቷ እንኳ ሳትሰማ፣ ዋበሪ ከሌሎቹ ጥቅሎች ጫፍ ላይ የራሱን ሚስት ጥቅል አስቀምጦ ነበር። እኔ ደግሞ ያን ጥቅል ከጆንያው ጋር ደባልቄ ለማላውቀው ሰው መዝኜ ሰጥቼዋለሁ። ያን ቀን ሑዳ ከረጢቷን ዘግታ ስትሄድ፣ ቀጣይዋ ሴት «የኔነሽ፣ ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?» አለችኝ። ሙቀቱ ነው አልኳት።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሰልፉ ውስጥ ሰማሁ፤ ሑዳ ሴት ልጅ ወለደች። ለአራስ የሚባል ነገር በቀበሌው ሕግ የለም፤ ካርዱ ላይ ያልተጻፈ ጭማሪ አሻጥር ነው። ቤቴ ገብቼ የወሩን ራሽናችንን አወጣሁ፣ በጋዜጣ ጠቀለልኩት፣ ቀይ ክር ፈልጌ አሰርኩት። ሦስት ጊዜ ፈትቼ አሰርኩት።

«ለማን ነው?» አለኝ ወልደ ማርያም።

«ለሑዳ።»

ባሌ ቃል አያበዛም። «ስኳሩን ሰጥተሽ ብቻ እንዳትመለሺ» አለኝ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሄድኩ። ሑዳ ምንጣፍ ላይ ተጋድማ ልጇን ታጠባለች። ጥቅሉን አጠገቧ አስቀመጥኩት። አየችው፣ ክሩን በሁለት ጣቷ ያዘች፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችውም።

«አባዮ» አለችኝ። በሶማሊኛ እኅቴ ማለቷ ነው። «ስሟ ዑግባድ ነው። እሱ ነው ያወጣላት፣ ሴት ከሆነች ብሎ።»

«ሑዳ፣ የመጣሁት…»

«አንቺ እንደምትመጪ አውቅ ነበር» አለች። «ማንም ባይመጣ አንቺ ትመጪያለሽ። አንቺ እኮ ነሽ በሰው ፊት የመሰከርሽለት። ሰው ሁሉ በፈራበት ቀን።»

አፌ ተያዘ። የእኔ አፍ፣ ይሄ እግሬን የሚቀድመው።

«ያን ቀን ልንሄድ ነበር» አለች። «ወንድሜ ዲሪር ግመል ይዞ ሐርላ ይጠብቀን ነበር፣ በበረሃው መንገድ ጅቡቲ ሊያሻግረን። ልብሳችንን አስሬ ጨርሻለሁ። አንቺ ከስብሰባ ስትመለሺ አገኘሽው አይደል? ደስ ብሎት ገባ። የታሰረውን ልብስ ራሱ ፈታው። ‹የኔነሽ መስክራልኛለች፤ ጎረቤት የመሰከረለት ሰው እንደ ሌባ አይሮጥም፣ ወላሂ አልሄድም› አለኝ። በማግስቱ እኔ ብቻዬን ሐርላ ሄድኩ፣ ለዲሪር አንመጣም ብዬ ልነግረው። ስመለስ…» እጇን ወደ በሩ ዘረጋችና መለሰችው። «ግን እወቂልኝ፣ እቤቱ ያደረባትን የመጨረሻዋን ሌሊት በደስታ ነው የተኛው። ያንን ያገኘው ካንቺ ነው።»

ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሱቅ ስመጣ ፊትሽን የማላየው ተቀይሜሽ አይደለም» ብላ ቀጠለች። «ከረጢቴን ቶሎ የምዘጋው ፈርቼ ነው። እጅሽን አውቀዋለሁ፣ ይጨምርልኛል። በእኔ ምክንያት አንቺም እንዳትታሰሪ።»

ያኔ ተነሥቼ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብዬ፣ ልጇን ስሜ መውጣት እችል ነበር። ሑዳ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ትመርቀኝ ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ፈልጌም ነበር። ግን ግድግዳው ላይ የዋበሪ ሽርጥ ተሰቅሏል፤ እሱን እያየሁ መዋሸት አቃተኝ።

ነገርኳት። የፈላውን ደሜን፣ መጋረጃውን፣ የክፍሉን ጥያቄ፣ ጭብጨባውን፣ ጭብጨባው ደስ እንዳለኝ ጭምር። መሬቱን ማየቴን። ምንም ሳልደብቅ ነገርኳት። ሕፃኗ ጠግባ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ሑዳ ጡቷን እንኳ አልሸፈነችም፤ እያየችኝ አዳመጠችኝ።

ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «አይዞህ ያልሽው ካጨበጨቡ በኋላ ነው?»

«በኋላ ነው።»

«ታውቂ ነበር?»

«ፈርቼ ነበር» አልኩ። «ማወቅ አልፈለግኩም ሑዳ። ቴምር ሰጠኝ፣ ይዤ ሄድኩ።»

ሌላ አልጠየቀችም። ፊቷን ወደ ልጇ መለሰች። አልሰደበችኝም፣ ውጪልኝ አላለችኝም። ጥቅሉን አልወረወረችውም፣ ዳግምም አልነካችውም። ተነሥቼ ቆሜ ጠበቅኩ፣ ከዚያ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምቱ ጠፋ። ሱቁ ውስጥ በቀትር ጋደም ብዬ ጆሮዬን አቆማለሁ፤ ምንም የለም። ሳህኖቹ ደርቀው ቆመዋል። ወልደ ማርያም «አየሽ፣ ስትናገሪው ለቀቀሽ» አለኝ። እኔም ለጥቂት ቀን አመንኩት፣ እህል መብላት ጀመርኩ።

የሰኔ ስኳር ሲመጣ ሰልፉ እስከ ግራሩ ጥላ ድረስ ደርሶ ነበር። ሑዳ ልጇን አዝላ በተራዋ መጣች። ካርዷን ሰጠችኝ። መዘንኩላት፤ ሚዛኑ ተወዛውዞ ቆመ። ጠበቅኩ። ዝም።

ሑዳ ጣቷን ዘረጋች። የሳህኑን ጠርዝ ሁለት ጊዜ መታችው። ቂል፣ ቂል።

ይህን ሁሉም ሰማ። ስኳሩን ከረጢቷ ውስጥ ገለበጥኩላት። አልዘጋችውም። ስለ ሙቀቱ አላወራችም፣ ወደ ሌላም አላየችም፤ በዚህ ሱቅ አንድም ቀን አይቶኝ የማያውቀው ዓይኗ ቀጥ ብሎ ፊቴ ላይ ነው። መዛቂያውን ጆንያው ውስጥ ከትቼ ጨመርኩላት። ከረጢቱ ክፍት ነው። ደግሜ ጨመርኩ። በሩ ላይ የቆመው የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ወደ እኛ መምጣት ጀመረ። ሦስተኛ ጨመርኩ፣ አራተኛ፤ ስኳሩ ከከረጢቱ አፍ ሞልቶ መሬት ላይ ይፈስ ጀመር። ዑግባድ ከጀርባዋ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች። ጥበቃው እጄን ሲይዘኝ መዛቂያው አሁንም ሙሉ ነበር፣ ሑዳም ከረጢቷን አልዘጋችም።